ለአስፋልትም ለገጠር መንገድም የሚሆን አንድ የሩጫ ጫማ

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ የምኖር የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። በሳምንት አራት ቀን ማለዳ እሮጣለሁ፤ በድምሩ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ሁለቱን ቀን በከተማው አስፋልትና ኮብልስቶን፣ ሁለቱን ቀን ደግሞ ወደ ሮብ ገበያ አቅጣጫ ወጥቼ በእርሻ መሀል በሚያልፍ የእግር መንገድ ነው የምሮጠው። ሁለት ጫማ ለመግዛት አቅሜ አይፈቅድም። ለሁለቱም የሚሆን አንድ ጫማ አለ? ባለሱቁ ሶሉ በጣም ወፍራም የሆነና ውሃ የማያስገባ ጫማ እንድወስድ መክሮኛል። ባለፈው ዓመት ቀኝ ቁርጭምጭሚቴ ወለም ብሎኝ ነበር። ተማሪዎቼ ደግሞ አበበ ቢቂላን እየጠቀሱ በባዶ እግር መሮጥ ይሻላል ይላሉ፤ ምን ልበላቸው?

መልስ፦ መምህር፣ አዎ፣ አለ። የሶሉ ጥርስ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የሚደርስ፣ ውፍረቱ መካከለኛ የሆነ፣ ላዩ ውሃ በማያስገባ ልባስ ያልተለበጠ፣ ከፊት ለጣቶችዎ በቂ ስፋት ያለው ጫማ ይፈልጉ። አምራቾቹም ይህን ዓይነት ጫማ ለይተው ይሠሩታል፤ ከመንገድ ወደ ጫካ የሚያሻግር እያሉ ይሸጡታል። ናይኪ ፔጋሰስ ትሬይልና ሆካ ቻሌንጀር ከሚታወቁት መካከል ናቸው። ነገር ግን የጫማውን ስም ይዘው ገበያ እንዲወጡ አልመክርዎትም። በእኛ አገር ገበያ የተፈለገው ሞዴል በተፈለገው ቁጥር የሚገኘው በዕድል ነውና፣ ምን ማየት እንዳለብዎት ማወቁ ይበልጣል። ሯጮችን በፊዚዮቴራፒ የማክም እንደመሆኔ፣ ጫማ ሲመረጥ የሚታለፉትን ነገሮች ውጤታቸውን በእግር ላይ አያቸዋለሁ። ስለዚህ በዝርዝር ልጻፍልዎት።

ከታች እንጀምር። ጫማውን ይገልብጡት። ለአስፋልት ብቻ የተሠራ ጫማ ሶሉ ለጥ ያለ ነው፤ ክብደት ለመቀነስ ሲባል ጎማው በተረከዙና በፊቱ ላይ ብቻ ተለጥፎ መሀሉ ባዶ ስፖንጅ ሆኖ ይተዋል። ይህ ስፖንጅ በአስፋልት ላይ ችግር የለበትም፤ በኮረኮንች ላይ ግን ሹል ጠጠር ይበላዋል፣ ይቦጫጭቀዋል። መሀሉ ላይ ጥልቅ ቦይ ካለው ደግሞ ጠጠር እየተሰነቀረ ያስቸግራል። በተቃራኒው ለተራራና ለጭቃ የተሠራው ጫማ ጥርሱ 5 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ነው። ያንን ይዘው አስፋልት ላይ ሲወጡ እግርዎ የሚያርፈው በጥርሶቹ ጫፍ ላይ ብቻ ይሆናል። መሬቱን የሚነካው ጎማ ስለሚያንስ በእርጥብ ኮብልስቶን ላይ ያንሸራትታል፤ ጥርሶቹም በጥቂት ሳምንታት ተበልተው ያልቃሉ። ገንዘብዎ አስፋልት ላይ ቀረ ማለት ነው።

የጥርሱን ቁመት ለመለካት ማስመሪያ አያስፈልግዎትም። የክብሪት እንጨት ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ሁለት እንጨት ደራርበው በጥርሶቹ መካከል ቢያስገቡና ከጥርሱ ጫፍ ጋር እኩል ቢሆን 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ለእርስዎ ይበቃል። ሁለቱ እንጨቶች በሙሉ ገብተው ገና ቦታ ከተረፈ ያ ጫማ የተራራ ነው። አንድ እንጨት ብቻውን ሲገባ እንኳ ከጥርሱ በላይ ከቀረ የአስፋልት ነው። ከቁመቱ ሌላ የጥርሶቹን አደራደር ይመልከቱ፤ ከመሀል ተቀራርበውና አናታቸው ሰፋ ብሎ፣ ከዳርና ከዳር ደግሞ ተራርቀው የቆሙ ቢሆኑ ለእርስዎ መንገድ ይስማማሉ። መሀሉ አስፋልቱን ይሸከማል፣ ዳሩ ዳገቱንና ቁልቁለቱን ይቧጥጣል።

ጎማውንም በአውራ ጣትዎ ጥፍር ይጫኑት። ጥፍርዎ ትንሽ ምልክት ጥሎ ምልክቱ ወዲያው ከጠፋ ጎማው ለስላሳ ነው፤ እርጥብ ድንጋይ ላይ ይይዛል፣ ነገር ግን ቶሎ ያልቃል። እንደ ፕላስቲክ ደርቆ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ዕድሜው ይረዝም ይሆናል፤ ሰኔ ላይ ማለዳ ዝናብ ባጠበው ኮብልስቶን ላይ ግን አይይዝልዎትም። የከተሞቻችን ኮብልስቶን በአብዛኛው ጥቁር ድንጋይ ነው፤ በእግርና በባጃጅ ጎማ እየተወለወለ ሲሄድ ይለሰልሳል። ምርጫው በእኔ እጅ ቢሆን ለረጅም ዕድሜ ስል አጥብቆ የሚይዝ ጎማ አልሠዋም።

አሁን ስለ ጭቃ እውነቱን ልንገርዎት። በጎጃም ክረምት ከላይ የገለጽኩት ጫማ የማይችለው አፈር አለ። ዋልካውን ማለቴ ነው። ወደ የትኖራና ወደ ቢቸና ባለው ሜዳ ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ዝናብ የጠገበ ዋልካ ከጥርሱ ሥር ገብቶ ይሞላዋል፣ ሶሉ ለጥ ያለ ጭቃ ይሆናል፣ በእያንዳንዱ እርምጃ ሌላ ጭቃ እየጨመረ እግር ይከብዳል። ከእንዲህ ያለው ጭቃ የሚያወጣው ጥርሱ ረጅም ሆኖ እርስ በርሱ በጣም የተራራቀ ጫማ ነው፤ እሱ ደግሞ አስፋልት ላይ አይሆንም። ስለዚህ ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ጫማዎን አይቀይሩ፤ መንገድዎን ይቀይሩ። ቀይ አፈሩ ጠጠር ከተቀላቀለበትና ውሃው ከሚወርድበት ተዳፋት ላይ ዝናቡ በቆመ ማግሥት መሮጥ ይቻላል። በደንብ ሣር የለበሰ ግጦሽ መሬትም እግር ይይዛል። ዋልካውን ግን እስከ ጥቅምት ይተዉት። የባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ሲገቡም ቅጠሉና ልጣጩ እርጥብ ሲሆን በየትኛውም ጫማ ስለሚያንሸራትት እርምጃዎን ያሳጥሩ።

ባለሱቁ ወዳሉት ልምጣ። ሶሉ በጣም ወፍራም የሆነ ጫማ ለረጅም የአስፋልት ሩጫ ምቾት አለው፤ አልክደውም። በውድድሩ ዓለም ፉክክሩ እዚህ ደርሶ የዓለም አትሌቲክስ ለጎዳና ውድድር የሶል ውፍረት ከ40 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ገደብ እስከማበጀት ሄዷል። እርስዎ ግን በእርሻ ድንበር ላይ፣ በከብት ኮቴ በተበሳሳ መንገድ ላይ የሚሮጡ፣ ከዚያም አልፎ አንድ ጊዜ ወለም ያለው ቁርጭምጭሚት ያለዎት ሰው ነዎት። እግር ከመሬት በራቀ ቁጥር የተረገጠው ድንጋይ ቁርጭምጭሚትን ለማዞር የሚያገኘው ጉልበት ይጨምራል፤ በተጨማሪም ወፍራሙ ስፖንጅ መሬቱ ያጋደለ መሆኑን እግርዎ ቶሎ እንዳይሰማው ያደርጋል። ወለምታ ደግሞ አንድ ጊዜ የደረሰበትን እግር ደግሞ መፈለጉ በሕክምናው በደንብ የታወቀ ነው። ከተረከዝ በታች 30 ሚሊ ሜትር አካባቢ ያለው ጫማ ይበቃዎታል። ከኋላ ሲያዩት ሶሉ ከተረከዙ ሰፋ ብሎ የወጣ ቢሆን ደግሞ የተሻለ ይቆምልዎታል።

ውሃ የማያስገባው ልባስስ? ይህን አይግዙ። ልባሱ ጤዛንና ቀላል ካፊያን ይከላከላል። በክረምት ዝናብ ሲሮጡ ግን ውሃው የሚገባው በጨርቁ በኩል አይደለም፤ በቁርጭምጭሚት በኩል ከላይ ነው። አንድ ጊዜ ከገባ የሚወጣበት የለም። የጨሞጋ ወንዝ ሞልቶ ባይሆንም አንዲት ትንሽ ጅረት ተሻግረው ቀሪውን 5 ኪሎ ሜትር በውሃ በተሞላ ጫማ መሮጥ ማለት የለሰለሰ ቆዳ፣ ውሃ የቋጠረ ተረከዝ፣ ሁለት ቀን የማይደርቅ ጫማ ማለት ነው። ስስ መረብ ያለው ተራ ጨርቅ ውሃ ቢያስገባም በጥቂት እርምጃ መልሶ ያፈሰዋል። ለእኛ ክረምት የሚሻለው ይህ ነው።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ግን ጫማው እግርዎ ላይ ካልሆነ ዋጋ የለውም። ወደ ሕክምና የሚመጡትን ሯጮች እግር ሳይ ከሶል ዓይነት ይልቅ በልክ ስህተት የተጎዳው ይበዛል። ወደ ሱቅ ከሰዓት በኋላ ወይም አመሻሽ ላይ ይሂዱ፤ እግር ውሎ ሲያብጥ ከጠዋቱ ይሰፋል፣ ሲሮጡም የሚሆነው እንደዚያው ነው። የሚሮጡበትን ካልሲ ይዘው ይሂዱ። የጫማውን የውስጥ ንጣፍ አውጥተው መሬት ላይ ያስቀምጡትና ቆመውበት ይዩ፤ የእግርዎ ዳር ከንጣፉ ውጭ ከተረፈ ያ ጫማ ጠባብ ነው፣ "ሲለበስ ይሰፋል" ቢሉዎት እንኳ ይተዉት። ከረጅሙ ጣትዎ ፊት የአውራ ጣት ውፍረት ያህል ክፍተት መቅረት አለበት። ረጅሙ ጣት አውራው ላይሆን ይችላል፤ ብዙ ሰው ሁለተኛው ይረዝምበታል። ሁለቱ እግሮችም እኩል ስለማይሆኑ የሚለካው በትልቁ ነው። በቁጥር አይታለሉ፤ የአንዱ ፋብሪካ 42 ለሌላው 43 ሊሆን ይችላል።

ይህ ክፍተት ለምን እንዳስፈለገ ደረጃ ላይ ይታያል። ሱቁ ፎቅ ላይ ከሆነ ወይም ደጃፉ ላይ ደረጃ ካለ ማሰሪያውን በደንብ አስረው ፈጠን ብለው ይውረዱ። ጣትዎ የጫማውን ፊት ከነካ ከሮብ ገበያ በኩል ቁልቁል ሲመለሱ በየእርምጃው ይመታዋል፤ ጥፍሩ ይጠቁራል፣ በመጨረሻም ይነቀላል። ደብረ ማርቆስ 2,450 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የጮቄ ተራራ ጫፍ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ከከተማው ወደ ላይ የወጡትን ሁሉ መልሰው መውረድዎ አይቀርም። ለዚህ ደግሞ አንድ የአስተሳሰር ዘዴ አለ። በብዙ የሩጫ ጫማ ላይ ከላይ፣ ለቁርጭምጭሚት ቀርባ፣ ብዙ ሰው የማይጠቀምባት አንዲት ትርፍ ቀዳዳ አለች። የማሰሪያውን ጫፍ በዚያው በራሱ በኩል ባለችው ቀዳዳ አስገብተው ትንሽ ቀለበት ያስቀሩ፤ በሌላውም በኩል እንዲሁ ያድርጉ። ከዚያ የግራውን ጫፍ በቀኙ ቀለበት፣ የቀኙን በግራው አሳልፈው ወደ ታች ስበው ይቋጥሩት። ተረከዝዎ ወደ ኋላ ተጣብቆ ይቆማል፣ ጣቶችዎ ወደ ፊት አይንሸራተቱም። ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት አንድ ደቂቃ ቆሞ እንደገና ማሰር ጥፍርን ያተርፋል።

ሱቅ ውስጥ ምናልባት "እግርዎ ጠፍጣፋ ነው፣ ለእሱ የተሠራ ልዩ ጫማ ያስፈልግዎታል" ሊባሉ ይችላሉ። በዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ ይባክናል። እ.ኤ.አ. በ2009 እና በ2010 የታተሙ፣ በአሜሪካ ጦር ምልምሎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች የእግር መሀል ቅስት እየታየ ጫማ የተመረጠላቸውንና ሳይታይ አንድ ዓይነት ጫማ የተሰጣቸውን አወዳድረው ነበር፤ በጉዳት ረገድ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ስለዚህ እግርዎ ጠፍጣፋ ሆኖ ሳያምዎት ሲሮጡ ከኖሩ ለስሙ ብለው አይጨነቁ። ሁለት ሦስት ጫማ ለክተው፣ ደጃፉ ላይ ትንሽ ሮጠው፣ ወዲያው የሚመችዎትን ይውሰዱ። ምቾት በጣም ጥሩ መለኪያ ነው።

ከአሮጌው ጫማዎ ጋር ማመሳሰል ያለብዎት ግን አንድ ነገር አለ፤ በተረከዝና በፊት እግር መካከል ያለው የሶል ከፍታ ልዩነት። በአብዛኛው የአስፋልት ጫማ ላይ ከ8 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ነው፤ በአንዳንድ የተራራ ጫማ ላይ 4፣ አንዳንዴም ዜሮ ይሆናል። ዝቅ ባለ ቁጥር የባትና የተረከዝ ጅማት ሥራ ይበዛል። ከ10 ወደ 4 በአንድ ጊዜ መውረድ፣ በዚያ ላይ የጮቄን ዳገት መጨመር፣ የተረከዝ ጅማትን ለወራት ሊያሳምም ይችላል። ብዙ ጊዜ ሳጥኑ ወይም የጫማው ምላስ ላይ አይጻፍም፤ አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አቁመው በዓይን ማወዳደሩ ይበቃል።

ሰልባጅ ጫማ መግዛት ሊያስቡ ይችላሉ፤ አልከለክልዎትም፣ ጥሩ ጫማ በሰልባጅ ተራ ይገኛል። ነገር ግን ላዩ ታጥቦ ሲያብረቀርቅ አይዩት። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው በዓይንዎ ትይዩ ከኋላ ይመልከቱት፤ ወደ አንድ ጎን ካጋደለ የቀድሞው ባለቤት ስፖንጁን በራሱ አረጋገጥ ጨርሶታል፣ የእርስዎንም ቁርጭምጭሚት ወደዚያው ይወስደዋል። የሶሉ ጎን ላይ ጥቅጥቅ ያሉ የተኛ መስመሮች ካሉና በጣት ሲጫኑት የማይመለስ ከሆነ ሞቷል። ማስቲሹ በዳር የፈሰሰ፣ ስፖንጁ እንደ እንጨት የደረቀ አዲስ ኮፒ ከመግዛት ግን ያልተጎዳ ሰልባጅ ይሻላል።

አሮጌ ጫማዎን አይጣሉት። ጨርሶ ካላለቀ በአስፋልቱ አጭር ቀን ያድርጉት። ሉክሰምበርግ ውስጥ በ264 ሯጮች ላይ ለ22 ሳምንታት በተደረገ ክትትል፣ ከአንድ በላይ ጫማ እያፈራረቁ የሚሮጡት የጉዳት ዕድላቸው በ39 በመቶ ያነሰ ሆኖ ታይቷል። ማፈራረቁ ብቻውን ምክንያት ነው ብዬ አልደመድምም፤ በክረምት ግን አንዱ ሲደርቅ ሌላውን ማድረግዎ በራሱ ትልቅ ነገር ነው። ሲያደርቁ ከምድጃ ያርቁት፤ ሙቀት ማስቲሹን ያላቅቃል፣ ስፖንጁንም ያኮማትራል። የውስጥ ንጣፉን አውጥተው፣ ውስጡን በጋዜጣ ሞልተው፣ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ያስቀምጡት፤ ጋዜጣው ሲርስ ይቀይሩለት። አንድ ጫማ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ተብሎ ይገመታል። በሳምንት 35 ኪሎ ሜትር ስለሚሮጡ ይህ ከሦስት ወር ተኩል እስከ አምስት ወር ተኩል ማለት ነው። ሊስትሮው ላዩን ይሰፋልዎታል፣ ሶሉንም ይለጥፍልዎታል፤ የሞተ ስፖንጅ ግን አይጠገንም።

ተማሪዎችዎ ያነሱት የአበበ ጉዳይ ትክክለኛ ታሪክ ነው፤ ግማሹ ብቻ ግን ተነግሯቸዋል። አበበ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ አሸነፈ። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ የዓለምን ምርጥ ሰዓት አስመዘገበ። ሁለቱንም ይንገሯቸው።

ከዚያ በላይ ግን ለጎጃም ልጅ በባዶ እግር ጉዳይ ሊነገረው የሚገባ የጤና ነገር አለ፤ ይህንን አጥብቄ እለምንዎታለሁ። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የመነጨው የደጋና የወይና ደጋ ቀይ አፈር ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ማዕድናት ለዓመታት በባዶ እግር ሲረገጡ በቆዳ ውስጥ እየገቡ የእግርን እብጠት ያመጣሉ። ሕዝቡ ዝሆኔ የሚለው፣ በሕክምናው ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው ነው። ከ1,500 ሜትር በላይ ከፍታና ብዙ ዝናብ ባለበት ቀይ አፈር አገር ይበዛል፤ ምሥራቅና ምዕራብ ጎጃም ከሚጠቁት አካባቢዎች መካከል ናቸው። ከትንኝ የሚመጣው የቆላው ዝሆኔ ሌላ ነው። ይህኛው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ እርግማንም አይደለም፤ በጫማና በሳሙና መከላከል ይቻላል። ስለዚህ ተማሪው ውድ የሩጫ ጫማ ባይኖረው ተራ የሸራ ጫማም ቢሆን አድርጎ ይሩጥ፣ ሲመለስም እግሩን በሳሙና ታጥቦ በጣቶቹ መካከል ሳይቀር ያድርቅ። እርስዎም በመረብ ጨርቁ ውስጥ ደቃቅ አፈር ይገባልና ካልሲ ሳያደርጉ አይሩጡ፤ እንደ እነሱ ይታጠቡ።

ስለ ቁርጭምጭሚትዎ የመጨረሻውን ልበል። ወጌሻ አሽቶልዎት ሕመሙ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል፤ ሕመም መጥፋቱና እግሩ መጽናቱ ግን አንድ አይደሉም። በባዶ እግርዎ ቤት ውስጥ በቀኝ እግር ብቻ ቆመው ዓይንዎን ይጨፍኑ፤ ከዚያ በግራው ይድገሙት። ቀኙ ከግራው ቀድሞ የሚንገዳገድ ከሆነ የሶሉ ጥርስ ብቻ አያድንዎትም። ጥርስ በሚቦርሹበት ጊዜ በአንድ እግር መቆምን፣ ደረጃ ጫፍ ላይ ተረከዝ እያነሱ ማውረድን በየቀኑ ይሥሩ። አዲሱን ጫማ በመጀመሪያው ሳምንት በአስፋልት ላይ በአጭሩ ይልበሱት፣ በሁለተኛው ሜዳማውን የገጠር መንገድ ይሞክሩ፣ ረጅሙን ቁልቁለት በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ያድርጉት። ሁለቱ እግሮች በጭፍን ዓይን እኩል እስኪቆሙ ድረስ ግን ድንጋያማውን ቁልቁለት በእርምጃ ይውረዱት፤ ቁርጭምጭሚትዎ አሁንም ካበጠ ወይም ከከዳዎት በአካል መታየት አለበትና ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ይሂዱ።